ሽቅብ ቁልቁል፣ ሰሜን ደቡብ፦ የወልድያ፣ የመርሳና የሀብሩ መንገዶች ታሪካዊ ቅኝት

የሰሜን ወሎ ዋና ከተማ ወልድያ የሁለት መንገዶች መገናኛ ናት። አንደኛው የሰሜኑ አውራ ጎዳና ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል 520 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወልድያ ይደርሳል፤ ከዚያም በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ወደ መቐለ ይቀጥላል። ሁለተኛው ከአፋር ቆላ ወደ ደጋው የሚወጣው መስመር ነው፤ የድልብን አቀበት ወጥቶ ወደ ላስታ፣ ወደ ዋድላና ወደ ጋይንት ይዘልቃል። የሁለቱን መንገዶች ታሪክ አብረን ስንመለከት አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደውን መንገድ በየዘመኑ የቀየሱት ነገሥታት፣ ሠራዊትና ወራሪ ናቸው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ግን ነጋዴው፣ ገበያተኛው፣ ደረሳውና የቆሎ ተማሪው በእግራቸው አቀኑት። የመጀመሪያው በካርታ ላይ በደማቁ ተሰመረ፤ ሁለተኛው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የእግረኛና የጭነት ከብት መንገድ ሆኖ ቆየ።

የመልክዓ ምድሩ ነገር መቅደም አለበት። ከደሴ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ሐይቅን አልፎ በውጫሌና በውርጌሳ አድርጎ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ መርሳ ይወርዳል። ከዚያ ስሪንቃን ያልፍና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ወልድያ ይወጣል። ከመንገዱ በስተግራ የደጋው ግድግዳ ቆሟል፤ በስተቀኝ ምድሩ እያዘቀዘቀ ወደ አፋር ይወርዳል። ሀብሩ የተዘረጋው በዚህ ዳገትና ቆላ መካከል ነው። ከደጋው የሚወርዱት ወንዞች ሁሉ ወደ ምሥራቅ ስለሚፈሱ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚያልፍ ሰው አንዱን ወንዝ ተሻግሮ ሳያበቃ ሌላው ይጠብቀዋል። በደቡብ ሚሌ፣ በሰሜን አላውሃ የታወቁት ናቸው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን የክረምት ጉዞ በወንዞቹ ፈቃድ የሚወሰን ነበር። ሰውየው ጠዋት የተሻገረውን ወንዝ ማታ ሊመለስበት አይችልም ነበር፤ ሲራራ ነጋዴውም ጥቅምትን ጠብቆ ይነሣ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ መሬት ላይ የረጅም ጉዞ ታሪክ የሚጀምረው ከጨው ነው። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በግመል፣ ከዚያም በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ደጋውን ይወጣና ከገበያ ወደ ገበያ እየተላለፈ ይሰራጭ ነበር። ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የደጋው ገብስና ስንዴ በተራው ቁልቁል ይወርዳል። ይህ የሽቅብ ቁልቁል ልውውጥ ከመንግሥታት ሁሉ ይቀድማል፤ ከሁሉም በላይ ዕድሜ ያገኘውም እሱ ነው።

በመካከለኛው ዘመን የእምነትና የትምህርት ጉዞ በጨው መንገድ ላይ ተጨመረ። በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞአ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያቋቋሙት ገዳም ከሩቅ አገር ተማሪዎችን ይስብ ጀመር። ያን ጊዜ ገዳሙ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። ዛሬ በስተአንድ በኩል ከየብስ ጋር በመገናኘቱ በእግር ይገባበታል፤ ቀድሞ ግን የሚደረሰው በውኃ ላይ ብቻ ነበር። በ1512 ዓ.ም ምጽዋ የወረደውን የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን የተከተለው የቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1540 ታትሞ ወጥቷል። በዚያ መጽሐፍ የሐይቁን ደሴት፣ መነኮሳቱንና የሚሻገሩበትን በቄጠማ የተሠራ መንሳፈፊያ ገልጿል። አልቫሬዝ የመጣው ከሰሜን ነው፤ በትግራይ አድርጎ፣ ዛሬ ወልድያና ቆቦ ያሉበትን አካባቢ የሚጨምረውን የአንጎትን ግዛት አቋርጦ አልፏል። ወደ ላሊበላም ወጥቶ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን አይቷል። ለአውሮፓ አንባቢ ይህን አካባቢ ከመንገደኛ ዓይን በዝርዝር ያሳየው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ማለት ይቻላል። የቡድኑ ጉዞ ከመንደር መንደር በሸክም ግዳጅ የሚካሄድ ነበር፤ አንዱ ሹም እስከ ግዛቱ ዳርቻ ያደርሳል፣ ቀጣዩ ይረከባል። የንጉሥ ትእዛዝ የደረሰበት መንደር ተሸካሚ ያቀርባል፣ ያልደረሰበት እንግዶቹን ያጉላላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ታላላቅ እንቅስቃሴዎች፣ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ዘመቻና የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት፣ የአካባቢውን ካርታ ከሥሩ ቀየሩት። አንጎት የሚለው ስም እየደበዘዘ ሄደ፤ የጁ የሚለው ስም ገነነ። በዚህም የመንገዱ ታሪክ ወደ ሁለተኛው ምዕራፉ ተሸጋገረ።

ከ1776 ዓ.ም ገደማ ራስ አሊ ጓንጉል በጎንደር ቤተ መንግሥት የበላይነቱን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ፣ ዳግማዊ ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም በአይሻል በደጃች ካሣ (በኋላ አፄ ቴዎድሮስ) እስከተሸነፉበት ጊዜ ድረስ፣ የየጁ መሳፍንት የአገሪቱን ማእከል ገዙ። የሥልጣን መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር። በእኔ እይታ ይህ ለመንገድ ታሪክ ትልቅ መዞሪያ ነው። ከየጁ ቆላ እስከ ቤጌምድር ደጋ የሚወጣው መስመር በሰባ ዓመታት ውስጥ የጦረኛ፣ የዘመድ፣ የጋብቻና የግብር መንገድ ሆነ፤ ገበያተኛ ብቻ ሲመላለስበት የነበረው አቀበት የአገር ፖለቲካ ይተላለፍበት ጀመር። በዚያው በ19ኛው መቶ ዘመን የየጁው ዳና የእስልምና ትምህርት ማእከል ሆኖ ሲታወቅ ደረሶች ከየአገሩ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጡ ነበር። የቆሎ ተማሪው ወደ ሐይቅ፣ ደረሳው ወደ ዳና ሲሄድ በአንድ ጥርጊያ ይተላለፉ ነበር፤ ሁለቱም ለመንገዳቸው የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም፣ የሚያሳድራቸው የገበሬ ቤት ግን አላጡም።

ሦስተኛው ምዕራፍ መንኰራኩርና ብረት የገባበት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያመሩ ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ይዘው ነበር። መድፉ የተሠራው በጋፋት ነው። እንዲህ ያለ ክብደት በበቅሎ አይጫንም፣ በሰው ትከሻም አይነሣም፤ በመንኰራኩር ተጎትቶ እንዲሄድ መንገድ መጠረግ ነበረበት። ስለዚህ ንጉሡ ራሳቸው እየቀየሱ፣ ድንጋይ እያነሡ፣ ሠራዊታቸውን እያሠሩ በጋይንት፣ በዘቢጥና በዋድላ በኩል መጡ። የጅጣን ገደል ወርደው ወጡ፤ ደላንታን አቋርጠው በሽሎን ተሻገሩ። ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ፈጀባቸው። በዛሬው ሰሜን ወሎ መሬት ላይ ለመንኰራኩር ተብሎ የተጠረገ የታወቀው የመጀመሪያ መንገድ ይኸው ነው። መንገዱን ያሠሩት ንጉሠ ነገሥት ያን ጊዜ ከአገሩ አብዛኛው ክፍል ድጋፍ አጥተው ነበር፤ ግን የምሕንድስና ሥራው በማንኛውም መለኪያ ታላቅ ነው፤ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም ስለ መድፉ የምናወሳውን ያህል ስለ መንገዱ አለማውሳታችን ያስቆጨኛል።

በዚያው ዓመት ከሌላ አቅጣጫ የመጣው የእንግሊዙ አዛዥ የሮበርት ናፒየር ጦር በዙላ ወረደ፤ ከባሕሩ ዳር አጭር የባቡር ሐዲድ አነጠፈ፤ 44 ዝሆኖችንም መድፍ አሸክሞ ወደ ደጋው ወጣ። በአሸንጌ ሐይቅና ከወልድያ በስተምዕራብ ባሉት የላስታ ተራሮች በኩል ዋድላ ሲደርስ ቴዎድሮስ ያስጠረጉትን መንገድ አገኘ፤ ገደሉንም በእሱ ወረደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ ተያዘች። ንጉሡ ለመድፋቸው የጠረጉት መንገድ ጠላታቸውንም አደረሰ። ይህ ነገር በሰሜን ወሎ መንገዶች ታሪክ ወደፊት ተደጋግሞ ይታያል።

የምኒልክ ዘመን በዚህ አካባቢ አዲስ መንገድ አልሠራም፤ የነበረውን በስፋት ተጠቀመበት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ከመርሳ በስተደቡብ በምትገኘው ውጫሌ ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል መንደሯን በዓለም ዲፕሎማሲ መዝገብ ላይ አስፍሯታል። በ1888 ዓ.ም ወረኢሉ ላይ የተሰበሰበው ሠራዊት በወሎ አቋርጦ ወደ አድዋ አመራ። ከድሉ በኋላ ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር መልእክትን ከመንገደኛው እግር አላቀቀው። ሆኖም የዚህ ዘመን ትልቁ ለውጥ የተካሄደው ከወሎ ውጭ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ወደ ምጽዋ የሚወርደው የጥንቱ የሰሜን ቅፍለት ቀዘቀዘ። የጁና ላስታ በአገሪቱ የንግድ ካርታ ላይ ወደ ዳር ተገፉ፤ ከዚያ የዳርነት ቦታ ለመውጣት አንድ መቶ ዓመት አልበቃም።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ከሰማይ ጀመረ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም የየጁው ተወላጅ ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ሜዳ ሲሸነፉና ሲሞቱ የመንግሥት አውሮፕላን በላያቸው በርሯል። ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም የማይጨው ጦርነት ተካሄደ። ከማይጨው በኋላ የኢጣሊያ ጦር ወደ ደቡብ ሲወርድ የተጓዘው ወልድያና መርሳ በተቀመጡበት በዚሁ የደጋ ግርጌ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሰ።

የኢጣሊያ መንገድ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ከአስመራ በመቐለ፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው ጎዳና ለወራሪው የድል መንገድ ተብሎ ተሰየመ፤ ከግራ ካህሱ ጠመዝማዛ እስከ ጣርማ በር ዋሻ ያለው አስቸጋሪ ሥራ በጥቂት ዓመታት ተጠናቀቀ። ጎዳናውን በኢጣሊያ መሐንዲስ ንድፍ የሠሩት ኢጣሊያውያንና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ናቸው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ወታደርና ስንቅ ከምጽዋ በፍጥነት ወደ መሃል አገር ማድረስ። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና በአካባቢው ሕዝብ አፍ የገባው ያን ጊዜ ነው። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ወጣ፤ ጎዳናው ቀረ። የዛሬዋ መርሳም ሆነች ሌሎቹ የመንገድ ዳር ከተሞች መልካቸውን ያገኙት ከዚህ በኋላ ነው። የቀድሞ ሰፈራ በኮረብታ ላይ፣ ከወባና ከዘራፊ ርቆ ነበር፤ ከጎዳናው በኋላ ግን ሰዉ ወደ አስፋልቱ ተጠጋ። ሻይ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የእህል መጋዘኑ ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደረደሩ።

በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ጥገናው መደበኛ መልክ ያዘ፤ አውቶቡስም በመደበኛነት መመላለስ ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ያለውን በአጭሩ ካየነው፣ የአገሪቱ ገዢዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያደርስ ጎዳና አገኙ፤ የሀብሩ ገበሬ ግን ወደ ጎዳናው ለመድረስ አሁንም በአህያ ኋላ ይሄድ ነበር።

የዚህ ልዩነት ዋጋ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በአስከፊ መልኩ ታየ። ዝናብ ሲጠፋና አዝመራው ሲከስም የየጁና የራያ ገበሬዎች ከየቀበሌያቸው ወርደው ወደ አውራ ጎዳናው መጡ። መኪና እያስቆሙ ምግብ ጠየቁ፤ በየመንገድ ዳር ከተማው ተጠለሉ፤ ብዙዎች እዚያው አለቁ። ከመንገዱ የራቁት በማንም ሳይታዩ ሞቱ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ያሳየው ፊልም ዓለምን ያስደነገጠው መንግሥት ሊደብቀው የሞከረውን ነገር በማውጣቱ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ረሀብ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ስለ ወሎ ያነሣው ነጥብ ለመንገድ ታሪክ እጅግ ወሳኝ ነው። የተራበው ሰው የመግዛት አቅም ስላልነበረው፣ በዚያ የረሀብ ዘመን እህል በዚሁ ጎዳና ከወሎ ወደ ሌላ ከተማ ይወጣ ነበር። ጎዳና ምግብ ያመጣል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ግን ምግብ የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው። ይህን ሳያውቅ ስለ ወሎ መንገድ የሚጽፍ ሰው ስለ አስፋልቱ ጽፏል እንጂ ስለ ሕዝቡ አልጻፈም። በ1977 ዓ.ም ረሀቡ በተመለሰ ጊዜ በአሰብ የወረደው እርዳታ በባቲና በኮምቦልቻ ወጥቶ በደሴ፣ በመርሳና በወልድያ በኩል ወደ ኮረም ሲጓዝ፣ ያው ጎዳና የሰው ሕይወት ማትረፊያም ሆነ። በተቃራኒው አቅጣጫ በአውቶቡስ ተጭነው ለሠፈራ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተወሰዱትንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ መከራዎች መካከል ምሥራቅንና ምዕራብን የሚያገናኘው የመጀመሪያው እውነተኛ የመኪና መንገድ ተወለደ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም መጀመሪያ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ ቻይና ለኢትዮጵያ በሰጠችው ብድር የወልድያ–ወረታ መንገድ ታቀደ፤ ሥራው የተከናወነው በደርግ ዘመን ነው። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መንገድ ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን አቀበት ይወጣል፤ በጋሸና፣ በደብረ ዘቢጥ፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ላይ ከጎንደር–ባሕር ዳር መስመር ጋር ይገናኛል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። ንድፉን ከታሪክ ጋር ያስተያየ ሰው የድሮውን የየጁ መሳፍንት መስመር፣ ከዚያም የቴዎድሮስን የመድፍ መንገድ ክፍል ያገኝበታል። ከጋሸና ወደ ሰሜን የሚገነጠለው 64 ኪሎ ሜትር ወደ ላሊበላ ያደርሳል፤ ከዚህ በፊት ከድልብ በኩልመስክ የሚወጣው ጥርጊያ ነበር ዋናው መግቢያ። በገና ሰሞን ከቆላና ከደቡብ ለሚመጣው ተሳላሚ ወልድያ ማደሪያ የሆነችው ከዚህ ወዲህ ነው።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፤ አንባቢው በዓይኑ ያየው ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የተካሄደው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ዋና ዋናዎቹን መስመሮች አደሰ። የቻይና መንገድም ጠጠሩን ቀይሮ አስፋልት ለበሰ። በ2003 ዓ.ም ገደማ የተጀመረው ሁለገብ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም በገጠር ቀበሌዎች የመኪና ጥርጊያ አስገባ። በየከተማው ባጃጅ የጋሪን ቦታ ወሰደ፤ ሚኒባስና ቅጥቅጥ ከመናኸሪያ መናኸሪያ ይመላለሳል፤ አይሱዙ የመርሳን ማንጎና ብርቱካን ጭኖ ሌሊቱን ይገሰግሳል። በ2004 ዓ.ም የተከፈተው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከመላ አገሪቱ ወጣቶችን አመጣ፤ በ2009 ዓ.ም ጥር የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም የእግር ኳስ ተመልካች አመጣ። ለብዙ ዘመን ሰው የሚያልፍባት ከተማ ሰው የሚመጣባት እየሆነች ነበር። የለውጡን ትርጉም በደንብ የሚያውቁት ምጥ የያዛቸውን እናቶች በቃሬዛ ተሸክመው አቀበት ቁልቁለት የወጡና የወረዱ የሀብሩ ሰዎች ናቸው፤ ከቀበሌያቸው እስከ መርሳ አንድ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ መግባቱ ለእነሱ ከማንኛውም ሐውልት የሚበልጥ የዘመን ምልክት ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም የሕወሓት ኃይሎች ወልድያን ያዙ፤ ጦርነቱ መርሳንና የሀብሩን መንደሮች አዳርሶ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ወረደ። ወልድያ ነፃ የወጣችው ታኅሣሥ 9 ቀን 2014 ዓ.ም ነው። በእነዚያ ወራት ሕዝቡ ልጅ አዝሎ፣ አረጋዊ ደግፎ ወደ ደሴ በእግሩ ሄደ፤ ጎዳናው ሲዘጋ አያቶቹ ወደሄዱበት የዳገት መንገድ ተመለሰ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት የትኛው ቦታ ሰላም እንደሆነ በስልክ ጠይቆ ይነሣል፤ ከ500 ዓመት በፊት የአልቫሬዝ ጓደኞች ስለሚቀጥለው ሹም ይጠይቁት ከነበረው ጥያቄ በይዘቱ ብዙም አይለይም።

የባቡሩ ጉዳይ በዚህ መካከል የቆመ ትልቅ ሥራ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ከወልድያ በስተምሥራቅ እስከሚገኘው ሐራ ገበያ የሚደርሰው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ በ2004 ዓ.ም ለቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ተሰጠ፤ ግንባታው በ2007 ዓ.ም ተጀመረ። ከመቐለ ወደ ሐራ ገበያ የሚወርደውን መስመር የቻይና ኩባንያ ያዘ። ሐዲዱ በሀብሩ ምድር አለፈ፤ ዋሻና ድልድይ ተሠራ። የገንዘብና የኤሌክትሪክ አቅርቦት ችግር ሲያጓትተው ቆይቶ ጦርነቱ ጉዳት አደረሰበት፤ መንገደኛም ገና አልተሳፈረበትም።

በዚህ እቅድ ውስጥ ግን ከቀደሙት ሁሉ የሚለይ ነገር አለ። ሐራ ገበያ የተመረጠው የሰሜን–ደቡቡ መስመር መጨረሻ እንዲሆን ብቻ አይደለም፤ መስቀለኛ ጣቢያም እንዲሆን ነው። ከእሱ አንዱ መስመር በሰመራና በአሳይታ በኩል ወደ ጅቡቲው ታጁራ ወደብ ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ምዕራብ ወደ ወረታ ይወጣል። አሞሌ የጫነው ግመል የሚወጣበት፣ የደጋው ገብስ የሚወርድበት አቅጣጫ በመንግሥት የብረት መንገድ እቅድ ላይ በግልጽ ሲሰመር ይህ የመጀመሪያው ነው። በእኔ አስተያየት ሰላም ወርዶ ሥራው በሚቀጥልበት ጊዜ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ይህ የምሥራቅ–ምዕራብ ክፍል ነው፤ ለወታደርና ለአላፊ ጭነት ሳይሆን ለሐራ፣ ለመርሳና ለወልድያ ገበያተኛ ታስቦ የሚሠራ ሐዲድ በዚህ አካባቢ እስካሁን የለምና።